የማሞቂያው ፊውዝ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ አሁንም አላባራም። አሮጌዋ መኪና ከቤቱ በር አራት እርምጃ ርቃ ከዛፉ ሥር ቆማለች። ሞተሯ ተነሥቷል፣ መብራቷ በርቷል፤ ሁለቱ የዝናብ መጥረጊያዎች ግን መስተዋቱ መካከል ላይ ተገትረው ቀርተዋል። ሚስት ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። ባል መሪውን እንደያዘ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው፤ መንገዱ በደህናው ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ባልየው ሠላሳ አንድ ዓመት የባለሱቆችን ሚዛን ሲመረምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ስትወደውም ስትበግንበትም "ሚዛኔ" ትለዋለች። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይወስዳታል፣ ጠብቆ ይመልሳታል። ቆጥሮታል፤ የዛሬው ሦስት መቶ ስድሳ አራተኛው ነው።

"ዛሬስ ይቅርብኝ" አለች የቆሙትን መጥረጊያዎች እያየች። "አንድ ቀን ባልሄድ ምን እሆናለሁ?"

ምን እንደምትሆን ሁለቱም ያውቁታል። አምና አንድ ቀን ቀርታ በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ ነበር የሄደችው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ይህች "ይቅርብኝ" ከአፏ አልጠፋ ብላለች። ዛሬ እሱም "እሺ" ሊላት ምንም አልቀረው፤ ያስፈራውም ይኸው ነው።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ከመሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍቶ ክዳኑ ጀርባ ያለውን ሥዕል በእጅ ባትሪ አየ።

"ወረንጦሽን ስጪኝ እስቲ።"

"የቅንድቤን?"

"ቅንድብሽ ይቆይ።"

"እሱማ ከቆየ ቆየ" ብላ ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለችው።

የመጥረጊያውን ፊውዝ ነቅሎ ወደ ብርሃን አነሣው። ቢጫ ነው፣ ሃያ አምፔር። በመካከሉ የምታልፈው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ጫፎቿ ጠቁረዋል። ሳጥኑ ውስጥ አንድ መጠባበቂያ ቢጫ ነበረ። ሰካውና ቁልፉን አዞረ። መጥረጊያዎቹ አንዴ ተንፈራገጡና ቆሙ። ሁለተኛውም ተቃጠለ።

ባልየው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። "ሚዛን ሲሳሳት መጀመሪያ ሳህኑ ሥር እዩ" እያለ አገር ምድሩን ሲያሰለች የኖረ ሰው፣ ዛሬ ምን እንዳቃጠለው ሳይፈልግ ሁለተኛውን ማገደው።

"ደክሞህ ነው" አለችው።

"ደክሞኝ ነው።"

"ቀድሞ የሚያዘው በኔ በኩል ያለው መጥረጊያ ነው" አለች። "ሥሩ ላይ ቀጭ የሚል ነገር አለ። ትናንትም ብሏል።"

"ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"መኪናዋ ብትቆም ደስ ይለኝ ነበራ።"

ወርዶ በዝናቡ ውስጥ ከመስተዋቱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ገለጠና እጁን ሰደደ። አውራ ጣት የሚያህል ጠንካራ የዛፍ ፍሬ በሷ በኩል ያለው የመጥረጊያ ክንድ መጋጠሚያ ውስጥ ተሰንቅሯል። መኪናዋን ከዛፉ ሥር የሚያቆማት እሷ ብዙ እንዳትራመድ ብሎ ነው። ፍሬውን ሲያላቅቅ ጥፍሩ ተገነጠለ።

በስብሶ ተመለሰ። "ሌላ መጠባበቂያ ቢጫ የለም። አረንጓዴ አለ፣ ሠላሳ።"

"አረንጓዴውን አድርገዋ።"

"እሱ አይቃጠልም፤ በሱ ፈንታ የመኪናው ሽቦ ይቃጠላል። ቢጫ ያለው..." ብሎ ተወው።

"የት?"

"ማሞቂያው ላይ።"

ከእጥበት ስትወጣ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ይበርዳታል። ወደ ቤት የምትመለሰው ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ነው። ላውልቀው ብሎ ሊጠይቃት አፉ አልታዘዝ አለው።

እጁን አየችው። ውሃና ደም ቀላቅሎ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል።

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"አሥራ ሁለት ከአርባ አራት።"

ወረንጦውን ከጭኑ ላይ አነሣችና ወደ ሳጥኑ አጎነበሰች። "የቱ ነው? አብራልኝ።"

አበራላት። ራሷ ነቀለችው፤ ራሷ ሰካችው።

"ስንመለስ ካፖርትህን ትሰጠኛለህ።"

"እርጥብ ነው እኮ።"

"አራት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ? አድርቀው።"

ቁልፉን አዞረ። መጥረጊያዎቹ ሄዱ፣ መጡ፣ ሄዱ። የማሞቂያው ነፋሽ ስለሌለ መስተዋቱ በትንፋሻቸው ይደበዝዝ ነበር፤ እስኪደርሱ ድረስ በመሀረቧ ስትወለውልለት ሄደች። ሆስፒታል ሲገቡ አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

የእጥበት ክፍሉን ሚዛን ባልየው ያምነዋል። በመጀመሪያው ቀን የራሱን የአምስት ኪሎ መፈተሻ ብረት ይዞ መጥቶ፣ ነርሷ እየሳቀችበት አረጋግጦታል። ስትገባ ሃምሳ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም መዘነች። ስትወጣ፣ የደረቀውን ካፖርቱን ለሚዛኑ አውልቃ፣ ሃምሳ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ።