ያልሠራችው ኃጢአት

የወታደሮች የጭነት መኪና በግድቡ መንገድ ሲመጣ ፍራውኬ ላም እያለበች ነበር። ጀርመኖች ሆላንድን ከያዙ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከጋጣው በላይ፣ ቆጡ ላይ በተከመረው ድርቆሽ ውስጥ፣ ሰልማ የምትባል ከአምስተርዳም የሸሸች አይሁዳዊት ከሁለት ወር ሕፃኗ ጋር ከተደበቀች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ባሏን ወስደውታል።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ሰልማ ከመሰላሉ ጫፍ አጎንብሳ ልጇን ወደ ታች አቀበለቻት።

«ያዢያት! እዚህ ካለቀሰች ሁላችንንም ታስጨርሰናለች።»

«ምን ልበላቸው?»

«እኔ እንጃ! ብቻ ያዢያት!»

ፍራውኬ ሕፃኗን እንደታቀፈች በሩ ተበረገደ። ሁለት ወታደሮችና አንድ የአገሩ ፖሊስ ገቡ። ከኋላቸው ተከትሎ የገባውን አባቷን ሹርድን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ፣ ፖሊሱ በደንብ ያውቀዋል።

«አንቺ፣ መቼ አግብተሽ ነው?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ይቺ የማን ናት?»

«የኔ» አለች።

ፖሊሱ በሳቅ ፈነዳ። «አባባ ሹርድ! ምን ጉድ ነው? እሑድ እሑድ እኛን በገሃነም እያስፈራሩ?»

ሹርድ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። ልጁን አያት፤ ሕፃኗን አያት፤ ከዚያ ተራምዶ ፍራውኬን በጥፊ መታት።

«አዋረደችኝ!» አለ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እህቴ ዘንድ ልኬ አስወለድኳት። ሰው እንዳያይብኝ ከከብቶቹ ጋር የማስውላትም እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ሳቁን ተወ። ወታደሮቹ ግን ቆጡ ላይ ወጥተው ድርቆሹን በሳንጃ ይወጉት ጀመር። ከላይ ድምፅ ቢወጣ እንዳይሰማ ፍራውኬ ሕፃኗን ጭኗ ላይ ቆነጠጠቻት። ጩኸቱ ጋጣውን ሞላው።

ሰዎቹ ምንም ሳያገኙ ሲሄዱ አባትና ልጅ ሰልማን ከድርቆሹ አወጧት። ሳንጃው ጎኗን በስቷታል፤ እንዳትጮህ የነከሰችው ክንዷም ይደማል። ሐኪም መጥራት አይታሰብም።

ወሬው በዚያው ቀን መንደሩን አዳረሰ። የፍራውኬ እጮኛ ዊበ «ቀለበቴን መልሺ» ብሎ ላከባት። እውነቱን ልትጽፍለት ብዕር አንስታ ነበር፤ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተችውና ቀለበቱን ብቻ ላከች። እሑድ በምእመናኑ ፊት አቆሟት። አባቷ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

«በዝሙትሽ ትጸጸቻለሽ?» አሏት ፓስተሩ።

«እጸጸታለሁ።»

ቤት ስትመለስ ሰልማ በትኩሳት እየነደደች ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ይልቅ ይቺን ወተት ጠጪልኝ።»

«ፍራውኬ፣ በፈለግሽው ስም ጥሪያት። ግን እውነተኛ ስሟ ዩዲት መሆኑን አንድ ቀን ንገሪያት።»

«ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

ረቡዕ ሰልማ ሞተች። ሹርድ ከፖም ዛፎቹ ሥር ቀበራት፤ የሕዝቧን ጸሎት ስለማያውቅ ዳዊት አነበበላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍራውኬ ሕፃኗን አቅፋ ስትሄድ ሴቶች መንገድ ይቀይሩባት ነበር። ነፃነት በመጣ ሰሞን ፓስተሩ እውነቱን ሰምተው ይቅርታ ሊጠይቋት መጡ።

«ይቅርታውን ተዉት» አለቻቸው። «የሰልማን ዘመዶች ፈልጉልኝ።»

ፈለጉ። አንድም አልተገኘም።