ጠበል ቅመስ

በዕውቀቱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ጅቡቲ ያሉት የአገሩ ልጆች ሁሉ ከጠበል እንደመጣ ያወሩ ነበር። ከጠበል እንዳልመጣም ሁሉም ያውቁ ነበር። ሦስት ወር የቆየው አንድ የመጠጥ ሱስ ማገገሚያ ግቢ ውስጥ ነው። ግን አዋጥቶ የላከው የቅዱስ ገብርኤል ማኅበር ነው፤ የመልአኩ ማኅበር ደግሞ «ለሰካራም አዋጣሁ» ብሎ አያወራም። ስለዚህ ጠበል ተባለ። «ጠበሉ እንዴት ነበር?» ሲሉት «ደኅና ነበር» ይላል፤ «ተመስገን» ይላሉ፤ በዚሁ ይለያያሉ።

ለዚህ ያበቃው ኤሲ ነው። ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ከሐጂ ሙጠሊብ ሱቅ የሚወጣውን ኤሲና ፍሪጅ ሁሉ የሚገጥመውም የሚጠግነውም እሱ ነበር። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ በጠዋት ካገኙት። ሐጂ የድሬዳዋ ነጋዴ ናቸው። ነሐሴ ላይ፣ ጅቡቲ ድንጋዩ ሳይቀር በሚያልብበት ወር፣ ልጃቸውን ነጅማን ሲድሩ ለሴቶቹ አዳራሽ የመስኮት ኤሲ እንዲገጥም አዘዙት። ገጠመ። ገልብጦ ገጠመ። ብርዱ ወደ መንገድ፣ ወላፈኑ ወደ ሙሽራዋ። የነጅማ ኩል ጉንጯ ላይ ወርዶ፣ አሮጊቶቹ በነጠላቸው እያራገቡላት ሲያለቅሱ፣ ውጭ ጫት የሚሸጡት ሴቶች በርጩማቸውን ጎትተው ከግድግዳው ሥር ተደርድረው «ሐጂ አላህ ይስጣቸው» እያሉ ይመርቁ ነበር። ባለሙያው ራሱ የተገኘው ጣሪያ ላይ ተኝቶ ነው።

ሌላ አሠሪ ቢሆን በዱላ ያባርረው ነበር። ሐጂ ግን ወደ ማኅበሩ ሰዎች ሄደው፣ «አቦ፣ ይህን ልጅ ወይ አድኑት ወይ ቅበሩት፤ እንዲህ መሃል ላይ አታስቀምጡብኝ» አሉ። ሲመለስም ሥራውን መለሱለት፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጡት። ቃላቸው አጭር ነበር። «አንድ ጠብታ በዚህ በር ከገባ፣ አንተ በዚህ በር ትወጣለህ።»

የቀረውን ማኅበሩ ተረከበ። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል፤ የዚህኛው ሙሴ ጋሽ ገብረማርያም ናቸው። ጋሽ ገብረማርያም በፈረንሳዮች የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ያረጁ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ለሰው ጥፋት ጥሩ ዓይን ያላቸው ሰው ናቸው። ሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ሰው ሁሉ «ሙሴ፣ ሙሴ» ሲላቸው ሰምተው፣ የፈረንሳይኛው «አቶ» መስሏቸው «ሞስዩ» ይሏቸዋል። ጋሽ ገብረማርያም አላረሟቸውም።

በሳቸው ትእዛዝ በዕውቀቱ ሳይሳም እንዳያድር ተወሰነ። ሰላምታ መስሎ ትንፋሹን ማሽተት ነው ሥራው። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ከማኅበርተኛው አንዱ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል፤ ጉንጭ በጉንጭ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ቆይቶ አራተኛ። በዕውቀቱ እንኳን ከፍቅረኛ፣ ከወለደችው እናቱም እንዲህ ያለ መሳም አግኝቶ አያውቅም። የሳል ሽሮፕ አስከለከሉት። ሰላጣው ላይ ኮምጣጤ እንዳይጨመር አስጠነቀቁ። አንደበታቸውንም ጠበቁለት፤ አንድ ቀን አንዱ ሽማግሌ ወግ ሊጀምሩ «ነገር በምሳሌ...» አሉና ቀሪው ትዝ ሲላቸው ክፉኛ ሳላቸው። ጠጁም ብርሌውም ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረ።

መሳቂያ አደረግኋቸው እንጂ ጥቅማቸው እውነት ነበር። ሆዳን ሰፈር ካለ አንድ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖረው የውብዳር፣ ዓርብ ዓርብ ምግብ በሳህን ሸፍና ታመጣለታለች። ሌሎቹ ልብሱን ያጥቡለታል፤ ሲከፋው ደጁ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራው ተስተካከለ፤ እጁ ከሰዓት በኋላም ወርቅ ሆነ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት እንደማይዘልቅ በዕውቀቱ ራሱ ያውቃል። ስለዚህ ይስሙኝ ብሎ ጉንጩን ይሰጣል።

ችግሩ ጽዋው ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ መድረሱ ነው። ያውም የታኅሣሡ ገብርኤል። የሳል ሽሮፕ የከለከሉት ሰዎች አንዳቸውም፣ ባለ ተራ ማለት ጠላ አስጠምቆ፣ ጽዋ ሞልቶ፣ ራሱ ቀምሶ የሚያዞር ሰው መሆኑ ትዝ አላላቸውም። ትዝ ያለው እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጋሽ ገብረማርያም ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ የጠላውን ነገር እንዴት ላድርግ?»

«እንዴት ታደርገዋለህ? ታስጠምቃለህ።»

«እኔ ኮ መጠጥ...»

«ማን መጠጥ አለ? ጽዋ ነው። ጽዋ መች መጠጥ ሆኖ ያውቃል?» አሉ፤ እውነትም የገረማቸው ይመስላሉ።

«ሐጂስ? ከበር አይገባም ብለዋል።»

የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሀኪማ ቀሪቦ እንደሚያዘጋጁለት በዕውቀቱ ነገራቸው። ቀሪቦ ከገብስ ይሠራል፤ መልኩም ከጠላ አይለይም፤ ጌሾ የለውም፣ አያሰክርም። ጋሽ ገብረማርያም ጫማቸውን አዩ።

«እናያለን» አሉ። በአማርኛ እናያለን ማለት እንቢ ማለት እንደሆነ ይታወቃል።

ጅቡቲ ውስጥ ገብርኤል በየትኛውም ቀን ይዋል፣ የሚከበረው ዓርብ ነው፤ ሠራተኞቹ እረፍት የሚያገኙት ዓርብ ብቻ ነውና። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እንዲህ ሆኖ ይህ ማኅበር በታሪኩ ሥጋ በልቶ አያውቅም፤ ሽሮና ምስር ነው። ደስታው ሁሉ ወደ ጠላው ዞሯል፤ ጠላ ጾም አይሽርም።

በዚያ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ፣ ማኅበርተኛው የበዕውቀቱን ክፍል ሞላው። ሴቶቹ አልጋው ላይ፣ ወንዶቹ ከሐጂ ሱቅ በመጡ የኤሲ ካርቶኖች ላይ ተቀመጡ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቀሪቦ ተቀዳ። ቀመሱ። አንዲቱ «ይጣፍጣል» አለች፤ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። ጋሽ ገብረማርያም ብርጭቆውን አነሱ፤ እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠና ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። አስቀመጡትና የውብዳርን በዓይናቸው ጠሯት።

የውብዳር ከአልጋው ሥር ቢጫ ጀሪካን አወጣች።

ለካ ጠዋት በዕውቀቱ በሌለበት ይዛው ስትገባ ወይዘሮ ሀኪማ በር ላይ አግኝተዋት «ምንድን ነው ልጄ?» ብለዋት ነበር። «ጠበል ነው» አለች። አልዋሸችም፤ የበዓል ጠላ በኛ አገር ጠበል ይባላል፤ ጎረቤት የሚጠራውም «ጠበል ቅመሱ» ተብሎ ነው። ወይዘሮ ሀኪማም የሰው ሃይማኖት አክባሪ ናቸውና ጀሪካኑን ከሥሩ ደግፈው እስከ ክፍሉ አገዟት።

ጋሽ ገብረማርያም ጽዋውን ሞሉ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ተነሥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«ጠበል ቅመስ፣ ልጄ። ባለ ተራው ሳይቀምስ ጽዋ አይዞርም።»

«ጋሼ...»

«ለበረከት ነው» አለች አንዲቱ። «ከንፈርህን ብቻ አስነካው» አለች ሌላዋ። «መልአኩን ታስቀይማለህ?» አለ ካርቶን ላይ ካሉት አንዱ፤ ባለፈው ሳምንት የበዕውቀቱን ሽቶ አልኮል አለው ብሎ የነጠቀው ራሱ ነው።

በዕውቀቱ ጽዋውን ተቀበለ። የጌሾው ሽታ አፍንጫው ሲደርስ አፉ ውሃ ሞላ። ፈለገው። ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ ከሐጂ ሥራ፣ ከክፍሉ፣ ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መሳም ይበልጥ ፈለገው፤ በሆዱም ጽዋ ነው፣ ጽዋ ነው የሚል ድምፅ ጀመረው። እንቢ ካለ ማኅበሩን ያጣል፤ እሺ ካለ ሁሉንም። በክብር እንቢ የሚባልበት አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው፤ እሱንም እነሱው ራሳቸው ሸፍነው ደብቀውለታል።

«እኔ ሰካራም ነኝ» አለ።

ከግድግዳው ወዲያ የሐጂ ልጆች ቴሌቪዥን በሶማሌኛ ያወራል።

«ጠበል አልሄድኩም። የሄድኩት የሰካራም ሐኪም ቤት ነው። ይህን ከቀመስኩ ጀሪካኑን ሳልጨርስ አልነሣም፤ ጀሪካኑን ከጨረስኩ ነገ ጣሪያ ላይ ነኝ።» ጽዋውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠ። እጁን ከላዩ ማንሣት ከሁሉ የከበደው ነበር።

ለዓመታት ሲሰክር፣ ደጃቸው ላይ ሲወድቅ፣ ሠርግ ሲያበላሽ ይቅር ያሉት ሰዎች ይህን ይቅር ማለት አቃታቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። «ምን ዓይነት ቃል ነው በበዓል ቀን!» «ጎረቤት ይሰማል እኮ!» አንዷ «ማዳም እየጠበቀችኝ ነው» ብላ ተነሣች፤ በእረፍት ቀኗ። ሌላው ጸሎት አለብኝ አለ፤ አሁን የጨረሰውን። ክፍሉ እየሳሳ ሄደ። የውብዳር ነጠላዋን ስትሰበስብ ታለቅስ ነበር።

«ሦስት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ ጠበል ነው ያለው ስል ከረምኩ» አለችው። «ውሸታም አደረግኸኝ።»

በዕውቀቱ አዘነ። ምግብ ያበላችውን ሴት ማስለቀስ ከመስከር የሚሻል መሆኑን በዚያች ሰዓት እርግጠኛ አልነበረም።

ጀሪካኑን የወሰደው የለም። ጋሽ ገብረማርያም ብቻ ካርቶናቸው ላይ ቀርተዋል። ሐጂ ደግሞ ከመስጊድ ሊመለሱ ነው። በዕውቀቱ ጀሪካኑን አንሥቶ ሲወጣ ከኋላው «ጠበል ይደፋል እንዴ?» የሚል የተሰበረ ድምፅ ሰማ። «ጠላ ነው ጋሼ» ብሎ ሄደ። ጓሮ፣ ልብስ የሚታጠብበት ቦይ ላይ ትንፋሹን ይዞ ይደፋ ጀመር። ቀና ሲል ወይዘሮ ሀኪማ ከወጥ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ያዩታል። እሳቸው ገብተው በባልዲ ውሃ ይዘው መጡ።

«ይህን አስከትልበት» አሉ፤ «ሐጂ ሳይመጡ።»

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጋሽ ገብረማርያም እዚያው ነበሩ። እሱ ያስቀመጠው ጽዋ ባዶ ነው፤ የእጃቸውም መንቀጥቀጥ ቆሟል። በዕውቀቱ ባዶውን ጽዋ አየ፣ እጃቸውን አየ፣ ገባው። ሌላ ማንም ሰው አይገባውም ነበር። ተናደደ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ አልቆይለት አለ። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ያ ቦታ» አሉ ጋሽ ገብረማርያም፣ ጫማቸውን እያዩ። «ሲገቡ ስም ይጠይቃሉ?»

«ይጠይቃሉ።»

«የክርስትና ስሜን ብሰጣቸውስ?»

«ለስሙ ግድ የላቸውም፣ ጋሼ። አንድ ቃል ግን ያስብሉዎታል። እኔ ቅድም ያልኩትን። እሱን ሳይሉ ሕክምናው አይጀመርም።»

ጋሽ ገብረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰብሰብ ብለው፣ ለአለቃ እንደሚናገር ሰው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ዠ ስዊ አልኮሊክ» አሉ። ቃሉ ያው የበዕውቀቱ ቃል ነው፤ ፈረንሳይኛቸው ያምር ነበር።

«በአማርኛ ነው የሚያስብሉት» አለ በዕውቀቱ።

ጋሽ ገብረማርያም ተነሡ። የሚሄዱ መስሎት እሱም ተነሣ። እሳቸው ግን ግቢውን ወዲያና ወዲህ አዩና በሩን ዘግተው ተመልሰው ተቀመጡ።