የዮሴፍ አንድ ቃል

ዱራሜ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ትኩሳት ይዞኝ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ እናቴና የመንደራችን ካቴኪስት፣ የሃይማኖት አስተማሪው፣ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ይህ ልጅ አይናገርም» አለ ካቴኪስቱ።

«ይሰማል» አለች እናቴ። «መስማትም ጸሎት ነው።»

ሰውዬው መለሰላት፤ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ አልሰማሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ይዤ የኖርኩት ከንግግሩ የእናቴን ግማሽ ብቻ ነው። ተመችቶኝም ነበር።

አሁን ቢቸና የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። በከተማው ከራሴ በቀር ካቶሊክ አላውቅም። ስለዚህ መንገድ በተከፈተ እሑድ ሁሉ በማለዳ ሚኒባስ ሞጣ እሄዳለሁ። እዚያ ከወይዘሮ ኢልሀም የጨርቅ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ክፍል አምስት ሆነን እንሰበሰባለን። ቄስ የሚመጣልን በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በሌላው እሑድ የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወንጌሉን አንብበው ጥቂት ይናገራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልቡ የደረሰውን ይላል። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ሰምቻለሁ» እላለሁ።

በመስከረም የመጀመሪያ እሑድ አንድ ልማድ አለን። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አሮጌ የፈተና ወረቀት ቆራርጠው የቅዱሳንን ስም ይጽፉና ባርኔጣቸው ውስጥ ይጨምሩታል። የደረሰህን ቅዱስ ዓመቱን ሙሉ ታነባለህ፣ በእሱም ትማፀናለህ። ዘንድሮ ለአዋላጇ ለስርጉት ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ወጡላት፤ የዚሁ የጎጃም ሰው፣ በእምነታቸው ምክንያት እንደታሰሩ ያረፉ መነኩሴ። ለእኔ ቅዱስ ዮሴፍ ወጣ።

«ተገላገልኩ» አልኩ። «በወንጌል ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም።»

«ሰነፍ ተማሪ» አሉኝ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ። «እንደገና አንብብ።»

ጥቅምትና ኅዳርን መንገዱ ተዘግቶ ቢቸና ቀረሁ። እሑድ እሑድ መፍቻዎቼን ከጠረጴዛው ገፋ አድርጌ የማቴዎስን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች አነባለሁ። ዮሴፍ ይነገረዋል፣ ይነሣል፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ይሰደዳል። ሁሉን ዝም ብሎ። በአራተኛው እሑድ ይመስለኛል፣ የምዕራፍ አንድ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። መልአኩ ለሕፃኑ ስም የምታወጣለት አንተ ነህ ብሎት ነበር፤ ዮሴፍም ኢየሱስ ብሎ ጠራው። እንግዲህ ተናግሯል። አንድ ቃል ነው፤ ግን ያን ቃል አፍ አውጥቶ ማለት ነበረበት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለማን እናገራለሁ? ብናገር መሸሸጊያዬ ይፈርሳል።

መንገዱ ተከፍቶ ሞጣ ስደርስ ወይዘሮ ኢልሀም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ደጃፍ ቆመዋል።

«ዛሬም ዝም ብለህ ልትመለስ ነው?» አሉኝ። «ለዝምታማ ቢቸና ምን አነሰህ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መምህሩ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ክፍሉን ትይዙታላችሁ ወይስ ለሌላ ላከራየው? ዛሬ ንገሩኝ።»

ጸሎት እንዳበቃን ጋሽ ሀብተ ሥላሴም ያንኑ አነሱት። «ከእኔ በኋላ ማን ያነባል?»

«እኔ እሑዱን ግማሹን ማዋለጃ ክፍል ነኝ» አለች ስርጉት። «ሕፃን ቀጠሮ አያከብርም።»

«እኛን አትቁጠሩን» አሉ ሌሎቹ ሁለቱ።

«እንግዲያው ክፍሉን እንመልስላቸው» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፤ ሳይቆጡ፣ መጽሐፋቸውን እየዘጉ።

መጽሐፉ ሲዘጋ ማየት አልቻልኩም። ስለ ዮሴፍ ያገኘሁትን ነገርኳቸው፤ አንድ ወር እንደደበቅኩትም ጨመርኩ።

«ይናገራል ለካ» አለች ስርጉት፣ ወደ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ዞራ።

«ያቺን ቃል ከመስከረም ጀምሮ ስጠብቅ ነበር» አሉ። «አሁን አንተ ምን ትላለህ፣ ዓለምነህ?»

«ስብከት አላውቅም።»

«ስብከት ማን ጠየቀህ?»

ካቴኪስቱ ለእናቴ የመለሰላትን ዛሬም አላውቅም። ስንወጣ ወይዘሮ ኢልሀምን ክፍሉን ለማንም እንዳያከራዩት ለመንኳቸው። መንገድ በተከፈተ እሑድ መጥቼ ወንጌሉን አነባለሁ፤ ካነበብኩም በኋላ ከራሴ አንድ ነገር እላለሁ። መንገድ ከተዘጋ ከሞጣዎቹ አንዱ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከቢቸና ሆኜ አነባለሁ። ኔትወርክ ካለ።