ቀለም ያልተቀባ ውል

«ጠጪ እንጂ፣ ሻዩ በረዶ ሆነ እኮ!» አለች የሟች ታላቅ እህት፣ ብርጭቆውን ወደ ጠበቃዋ እየገፋች።

ጠበቃዋ ጠጣች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትጋደማለች፣ «ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች። ችሎት ፊት ዳኛ እንኳ የማያስቆማት ሴት ባሏን ከቀበረች ወዲህ የቃል ድሃ ሆናለች። ማንስ ይፈርድባታል? ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ማጽናኛ ሲሰሙ መዋል ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ለቀስተኛው ሳሳ እስኪል ጠብቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አፈር ልሁን፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» ብላ አንሾካሾከች። «አከራዬ አዲሱን ውል ነገ ፈርሚ ብሎኛል። የድሮውን ባለቤትሽ ሥሎልኝ እስካሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ። አሁን ማን ይሥልልኛል?»

ሟቹ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ሰፈሩ «ቀለሜ» የሚለው ጣቱ ከቀለም ስለማይለይ እንጂ በትምህርቱስ ስም የሚያስጠራ አልነበረም። በተጋቡ ሰሞን ሚስቱ ያረቀቀችውን የኪራይ ውል ሊያነብ ተቀመጠና ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

«ይሄን የጻፍሽው ሰው እንዳያነበው ነው?» አላት ሲነቃ።

«እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ታፔላ ጸሐፊ አይደለሁም።»

«እኔ ነኛ!»

ከዚያ ወዲያ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ በስተቀኟ ተቀምጦ ይሥላል። የተከራይ ግዴታ በሰማያዊ፣ የአከራይ በአረንጓዴ፤ ቀነ ገደቡ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ በመስመር ላይ ተደርድሮ፤ ከየአንቀጹ ጎን አንድ ትንሽ ሥዕል። መጀመሪያ ሰሞን ታዲያ አከራዩን ቦርጫም አድርጎ ሣለው። ሊፈርም የመጣው አከራይ ወረቀቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሆድ አየ፣ «ቦርጬን ውል ውስጥ ምን አገባው?» ብሎ ሳይፈርም ወጣ። ጠበቃዋ አኮረፈች። ቀለሜም ከዚያ በኋላ ወፍራም ሰው ሥሎ አያውቅም። «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ቀጭን ነው» ይላት ነበር፣ ኩርፊያዋን ሊያስረሳት።

«አምጪው፣ ላንብብልሽ» አለች ጠበቃዋ በደከመ ድምፅ። «ተከራይ በቅድሚያ በጽሑፍ ሳያሳውቅ ሱቁን ለተከታታይ ሠላሳ ቀናት የዘጋ እንደሆነ፣ አከራይ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ከፍቶ ለሦስተኛ ወገን የማከራየት መብቱ የተጠበቀ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ነቀነቀች።

ጠበቃዋ ያን ንቅናቄ ታውቀዋለች፤ ያልገባው ሰው እንዳያፍር የሚነቀንቀው ነው። ግን ደክሟት ነበር። ወረቀቱን መለሰችላት።

«ተባረኪ። እንግዲህ እንደፈረምኩ ወደ ልጄ ልብረር» አለች ልብስ ሰፊዋ እየተነሣች። «አራስ ናት፤ ሁለት ወር ሳላርሳት አልመለስም። ለአከራዩ ምን ያስለፈልፈኛል፣ ቁልፉ እንደሆን ኪሴ ውስጥ ነው።»

ጠበቃዋ ክንዷን ያዘቻት። በቃል ብትነግራት መልሳ እንደምትነቀንቅ አወቀች። እርሳስና ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ሳበች።

ሱቅ ሣለች፤ የውሻ ቤት መሰለ። በሩ ተዘግቷል። ከሥሩ ረጅም መስመር አሰመረች፣ ጫፉ ላይ «ሠላሳ» ብላ ጻፈች። ከመስመሩ ማዶ አከራዩ በሩን ከፍቶ ሌላ ሴት ከነስፌት መኪናዋ ያስገባል።

«የስፌት መኪና ነው ወይስ ፍየል?» አለች የሟች እህት ዓይኗን አጥብባ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳና ወዲያው ታፈነ።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ሄደ፣ ሠላሳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ የገባችው እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለሽም።»

«ልጄን አርሼ ስመለስ ሰው ገብቶበት? እኔን ይድፋኝ! ምን ይሻለኛል?»

ጠበቃዋ ከበሩ ፊት ትንሽ ደብዳቤ ሣለች፣ ከልብስ ሰፊዋ እጅ ወደ አከራዩ እጅ። «ሳትሄጂ፣ መቼ እንደምትመለሺ ጽፈሽ ስጪው። እኔው እጽፍልሻለሁ።»

«ይቺው ናት? እፎይ!» ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ጠበቃዋ ሥዕሉን አራቅ አድርጋ አየችው። ደብዳቤዋ ከመስመሮቹ መሀል ጠፍታለች።

«ይቺ እንኳ ቀለም ትፈልጋለች፣ እንካ» አለችና፣ ቀና ሳትል ወረቀቱን በስተቀኟ ገፋ አደረገችው።

በስተቀኟ ማንም አልነበረም። ወረቀቱ ግማሹ ከጠረጴዛው ጫፍ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ጠበቃዋ አልመለሰችውም፣ አልለቀቀችውምም፤ እንዳይወድቅ በአንድ ጣቷ ተጭና ያዘችው።