አራት ስፒል

"ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ላቋርጥዎ" አለች የባዮሎጂ መምህሯ፤ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ዳይሬክተሩ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ስለ ትምህርት ቤቱ ንጽሕና በእንግሊዝኛ የሸመደዱትን ንግግር ገና ማጋመሳቸው ነበር። ሸምዳጅ ደግሞ ከመሃል አይነሳም፤ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንደገና "ጉድ ሞርኒንግ" ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። መምህሯ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ይህችን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቃታለች።

ሳይንስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ የሚለው መመሪያ የወጣ ጊዜ፣ የሳይንስ አስተማሪ ሁሉ ለቋንቋ ፈተና ተቀመጠ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር፤ እሷ አርባ ሰባት አመጣች። ዳይሬክተሩ ውጤቷን ተማሪ በሚተላለፍበት ኮሪደር ሰሌዳ ላይ በአራት ስፒል ወጥረው ለጠፉት። እዚያው የምትማረው ልጇ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷን ግቢ ውስጥ ስታገኛት እንዳላየች ታልፋለች። መምህሯ በእልህ አጠናች፣ አለፈች፣ በመጨረሻም ራሷ የፈተናው መዛኝ ሆነች። ዘንድሮ ፈተናው ለዳይሬክተሮችም ደረሰ፤ የወደቀ ወንበሩን ይለቃል።

"ስንት ሆነ?" አሉ ዳይሬክተሩ ላባቸውን እየጠረጉ።

"አርባ ስምንት።" አንድም ነጥብ አልሰረቀቻቸውም፤ አንድም አልመረቀችላቸውም።

"የኔ እህት፣ ሁለት ነጥብ ምን አላት? ጡረታ ለመውጣት እኮ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ።"

"እኔም 'ሦስት ነጥብ ምን አላት' ብዬ ለምኜዎት ነበር። ምን አሉኝ?"

ዳይሬክተሩ ላባቸውን ደግመው ጠረጉ።

"'መመሪያ መመሪያ ነው' አሉኝ።"

"አጥፍቻለሁ። በቃ፣ መውደቁንስ ልውደቅ፤ ብቻ በፖስታ አሽገሽ ስጪኝ። የልጅ ልጄ እዚሁ ነው የምትማረው።"

መመሪያው ውጤት በፖስታ ይሰጥ ነው የሚለው። ያኔም እንዲሁ ነበር የሚለው።

የልጅ ልጃቸውን ታውቃታለች፤ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ መጠየቅ የማይሰለቻት ልጅ ናት። የውጤቱን ወረቀት አጣጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፤ ዳይሬክተሩም በረጅሙ ተነፈሱ። ወዲያው የራሷ ልጅ አቀርቅራ ስታልፍ ትዝ አላት። ወረቀቱን መልሳ አወጣችና ከቦርሳዋ የክብሪት ቀፎ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ዝገት የበላቸው አራት ስፒሎች ወደቁ።

"እነዚህ የእርስዎ ናቸው" አለቻቸው።

ስፒሎቹን ለቅማ፣ ወረቀቱን ይዛ በሩን ከፈተች። ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ለእረፍት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ተማሪው ሁሉ ወደ ኮሪደሩ የሚወጣበትን ደወል ትጠብቅ ጀመር።