የተጠቀለለው እጅ

ሰልፍ ሳነሳ አጥር ላይ አልወጣም። መሬት ላይ፣ ከሰው ትከሻ እኩል ቆሜ ነው የማነሳው። ከላይ የተነሳ ሰልፍ ጉንዳን ይመስላል። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ምርቃት፣ ቀብር፣ የድልድይ ሪባን ቆረጣ፣ የሥራ ማቆም አድማ፤ በዚህ ከተማ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ነበርኩ።

ያን ቀን የተሰበሰበው የኛው ሰፈር ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሰባተኛ ሳምንቱ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ እኛ ጋ የሚፈስም አልነበረም። ሰዉ ባዶ ጄሪካኑን እየደበደበ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ወረደ። እኔም ካሜራዬን አንግቼ ተከተልኩ። ሁለት ፊልም ጨረስኩ። በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮቶች አንዱ ተሰበረ፣ ፖሊስ መጣ፣ ሰዉ ተበተነ።

አንድ ልማድ አለኝ። ባነሳሁ ማግስት ጠዋት ፎቶዎቹን በሱቄ መስታወት ላይ እለጥፋለሁ። ሰዉ መጥቶ ራሱን ይፈልጋል። የሠርግ ከሆነ ፊት እለጥፋለሁ። የሰልፍ ከሆነ ግን ፊት አልለጥፍም። ጀርባ፣ እጅ፣ ጄሪካን፣ ጫማ። ማንም በኔ ፎቶ እንዳይያዝ ብዬ ነው።

ያን ማታ ፎቶ ማጠቢያ የነበረኝ ውሃ አንድ ጄሪካን ብቻ ነው። ሳያልቅብኝ ብዬ ጨለማው ክፍል ውስጥ ቶሎ ቶሎ አተምኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ፎቶ ለጠፍኩ። ከነሱ አንዱ ላይ ሦስት ሰዎች ጄሪካን ከፍ አድርገው ይዘዋል፤ ጄሪካኑ ፊታቸውን ሸፍኗል። ከኋላቸው አንድ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል። እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አንድ ነገር ጨብጧል።

ረፋድ ላይ የፖሊስ መርማሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ብዙ አየ። ከዚያ ገብቶ ያችን ፎቶ ላጣት።

«ግራ እጁ የተጠቀለለ ሰው በዚህ ሰፈር ማን ነው፣ አባባ?»

 መልሴን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። የሰፈራችንን በር የሚበይደው በያጁ ግራ እጁን እሳት ካቃጠለው ሳምንት እንደሆነው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ሰብረሃል ብለው ወሰዱት። እጅ ከፍንጅ ነው ተባለ።

በሁለተኛው ቀን የበያጁ እናት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። «ልጄን አሳምረው አነሱልኝ።»

«እኔ ፊት አልለጠፍኩም።»

«ልጄ በዚያ ሰዓት በር ሲበይድ ነበር።»

«ማን አየው?»

«ማን ያየዋል? ብቻውን ነው የሚሠራው።»

«እንግዲህ ፎቶ አይዋሽም» አልኩ። አርባ ዓመት ስለው የኖርኩት ነገር ስለሆነ አፌ ላይ ነበር። 

«ልጄ ነው የዋሸው ማለት ነው» ብላ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከኔ ሱቅ በመጋረጃ ነው የሚለየው። የዚያችን ፎቶ ሌላ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳይ ሳይ፣ በትከሻዬ በኩል አየችው።

«ይሄ ሰውዬ የሚስቱን ሸሚዝ ለብሶ ነው የወጣው?»

«የቱ?»

«መሃለኛው። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ ወገን ነው የሚተከለው። የዚህ በግራ ነው።» መነጽሯን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ያኛውም በግራ ነው። ሦስተኛውም። አንተ ሰው፣ ሦስቱም የሚስታቸውን ለበሱ?»

  «ሆ» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ጨለማው ክፍል ገብቼ ኔጌቲቩን አወጣሁ። ሲታተም የፈዘዘው ፊት ወደ ታች መሆን አለበት፤ የሚያብለጨልጨው ወደ ላይ። ገልብጬ አስገብቼዋለሁ፤ ቀኙ ግራ ሆኖ ወጥቷል። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የተመታሁበት ስህተት ነው። ፎቶው ላይ ፊደል ቢኖር ወዲያው ይታየኝ ነበር። ፊደል የለውም። የተጠቀለለው እጅ ቀኝ ነው። በያጁን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አየሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያነሳሁት ላይ ጄሪካኑ ዝቅ ብሏል። የባለእጁ ፊት ይታያል። አውቀዋለሁ። የጨበጠው ድንጋይ ይሁን የጄሪካን ክዳን፣ በማጉያ መስታወትም አይለይም። መርማሪው ምን ብሎ እንደሚለየው ግን ይገባኛል።

ኔጌቲቭ ስድስት ስድስት እያደረግኩ ነው የምቆርጠው። አንድ ብቻውን ቆርጬ አላውቅም። የሚስቴን መቀስ አንስቼ ያችን አንዷን ቆረጥኳት።

«የጨርቅ መቀስ ነው፣ ይደነዝዝብኛል» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

የቀሩትን የት እንዳደረግኩ እዚህም አልጽፍም። ይህን ማን እንደሚያነበው አላውቅም።

መጀመሪያ መርማሪው ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት። እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሰማኝ።

«አባባ፣ ዕድሜዎ ገፍቷል። ዓይን ይሳሳታል።»

«ዓይኔ አልተሳሳተም። እጄ ነው የተሳሳተው።»

«መዝገቡ ተዘግቷል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቤትዎ ገብተው ይረፉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝም ብሎ የነቀዘ ብዙ አንስቻለሁ» አልኩና ተነሳሁ።

ፍርድ ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት፣ አራት አግዳሚ ወንበር። በያጁ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ጨርቁ ጠቁሯል። እናቱ እኔን ላለማየት ግድግዳ ታያለች። ዐቃቤ ሕጉ ፎቶውን ለዳኛዋ ሰጠ። ማንም ሳይጠራኝ ተነሳሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተገልብጦ ነው የታተመው። ግራው ቀኝ ነው። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ተራ ሳይሰጥዎ አይናገሩ» አለች ዳኛዋ። «ደግሞስ ምን ማስረጃ አለዎት?»

«ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ሸሚዝ ይዩ። ቁልፉ በየት ወገን ነው? ከዚያ እዚህ ያለውን ወንድ ሁሉ ይዩ።»

ዳኛዋ ፎቶውን አየች። ቀና ብላ ጸሐፊውን አየች። ጸሐፊው ወደ ደረቱ አጎነበሰ። በር ላይ ያለው ዘብም አጎነበሰ። ወዲያው አግዳሚው ላይ ያለው ወንድ ሁሉ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ ቁልፉን ይዳብስ ጀመር። ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ኮቱን ቆለፈ። አንዲት ሴት ከኋላ ሳቀች።

ኔጌቲቩን ሰጠኋት። የፈዘዘው ፊት የት እንደሚሆን ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ሄዳ በብርሃን አየችው። አንዴ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ቀኝ ነው» አለች።

የበያጁ እናት ያኔ ነው ወደኔ የዞረችው።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ይህ ከፊልም ላይ የተቆረጠ ነው። ከጎኑ ያሉት የት አሉ? ትክክለኛው ሰው እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል።»

«የት አሉ?» አለች ዳኛዋ።

«ቆርጬ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«ያምጧቸው።»

«አላመጣም። የመጣሁት የኔን ስህተት ላርም ነው። በስህተት አንድ ሰው አሳሰርኩ። አውቄ ሌላ ሰው አላሳስርም።»

«ፍርድ ቤት ሲያዝ እምቢ አይባልም፣ አባት።»

«እምቢ ብያለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።  ከዚያ በያጁ ይፈታ፣ ሽማግሌው ችሎት በመድፈር አምስት ቀን ይታሰር አለች።

ጣቢያው በር ላይ በያጁ ሲወጣ እኔ ስገባ ተገናኘን። በደህናው እጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ከግድግዳው በኩል ይተኙ። ከበሩ በኩል ንፋስ ይገባል።»

አምስቱን ቀን በግድግዳው በኩል ተኛሁ። ያኔ ሱቄን ፈተሹ። ሳጥኖቼን ገለበጡ፣ ምንም አላገኙም። ከዚያ መርማሪው ቀኝ እጁ የተጠቀለለ ሰው ፍለጋ በየቤቱ መዞር ያዘ። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት፣ ስወጣ ልትቀበለኝ መጥታ። መርማሪው ጨርቅ የሚሸጥበትን ሱቅ ሁሉ ጠይቋል አለችኝ።

«አንቺንስ?»

«እኔንም ጠይቋል። ነጭ ጨርቅ ለማን ሸጥሽ አለኝ። አልሸጥኩም፣ አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

ቤት ስገባ መኪናዋ አጠገብ ሁለት ትልቅ ቅርጫት ቆሟል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀደደ ነጭ መጠቅለያ እስከ አፉ ሞልቶታል። ስንት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ውሃው አሁንም አልመጣም። ቅዳሜ ሰዉ እንደገና ጄሪካኑን ይዞ ወጣ። መርማሪው ሰዎቹን ይዞ መንገዱ አፍ ላይ ቆሟል። የመጀመሪያዋ ተሰላፊ የበያጁ እናት ነበረች። ቀኝ እጇ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«እጄ ላይ በር ተዘጋ።»

ቀጣዩን አስቆመ። «አንተስ?»

«ድመት ቧጨረኝ።»

ከኋላቸው ያለውን አየ። መንገዱ ሙሉ ነጭ እጅ ነው። አንዳንዱ ተሳስቶ ግራውን ጠቅልሏል። በያጁ ሁለቱንም ጠቅልሎ ጄሪካኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ፊቱ ፊልሜ ላይ ያለው ያ ሰውም መሃል ላይ ነበር። አየሁት፤ አላየሁትም። ሚስቴ ደረሰች።

«እርስዎም፣ እትዬ?»

«መርፌ ወጋኝ፣ ልጄ። እናትህንም ይወጋታል፣ ጠይቃት።»

መርማሪው ወደኔ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«አባባ፣ ከአምስት ቀን እስር በኋላም?»

አዲስ ፊልም አስገብቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ሰዉ ጄሪካኑን መደብደብ ጀመረ። መሃሉ ገባሁ፣ ከትከሻቸው እኩል ቆምኩ። የኔን ቀኝ እጅ ብቻ አልጠቀለልኩትም። ሥራ ነበረበት።