የአጎቴ ስታማቲስ መቀመጫ

በግሪኳ ደሴታችን ሴት ልጅ ስትዳር ቤት የሚሠራላት አባቷ ነው። አጎቴ ስታማቲስ ለልጁ ለዛምቤታ የሚሠራበት መሬት አንድ ብቻ ነበረው፤ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ካለችው ትንሽ ኮረብታ ወገብ ላይ። አናቷ ላይ የጥንት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። የጥንት ሰዎች ደሴቱ ሁሉ ባዶ ሆኖላቸው ሳለ እዚያ የሠሩት እሱን ለማናደድ እንደሆነ አጎቴ አይጠራጠርም።

መሬቱ ውስጥ ጥንታዊ ድንጋይ ከተገኘ ግንባታ ክልክል ነው። የቅርስ መርማሪዋ ወይዘሮ ኤቫንቲያ ፈቃድ ሊሰጡ በሚመጡበት ቀን ጠዋት አጎቴ እሾህ ሲመነጥር ቅጠል የተቀረጸበት እብነ በረድ አገኘ። ሊያነሣው ቢታገል አልነቃነቅ አለው። ስለዚህ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ ኮቱን አለበሰውና ተቀመጠበት።

ሴትዮዋን ከትናንት ጀምሮ ካረፉበት ከወደቡ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። አሮጊት ናቸው፤ በየመታጠፊያው ይቆማሉ።

«አጎትህ ወርዶ አይቀበለንም እንዴ ልጄ?»

«ጉልበቱን ያመዋል።»

«ትናንት ሠርግ ላይ ሲጨፍር አየሁት እኮ።»

«ለዚያ ነዋ ያመመው።»

ለቄሱ አህያ እንኳ የሚነሣው አጎቴ ቁጭ እንዳለ እጁን ዘረጋላቸው። መሬቱን ዞረው አዩ።

«ንጹሕ ነው» አሉና እስክሪብቶ አወጡ። ግን ዳገቱ አድክሟቸው ነበር፤ እየተወዛወዙ መቀመጫ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ። እሾህ ብቻ።

አጎቴ ሰማዩን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ እኔን አየ። እንግዳ፣ ያውም አሮጊት፣ በገዛ መሬቱ ላይ ቆማለች። እናቱ አጥብቃ ነበር ያሳደገችው።

«ይቀመጡ እንጂ» ብሎ ተነሣ።

«ኮትዎን ይልበሱ፣ ነፋስ ነው።»

«ኧረ አይበርደኝም» አለ እየተንቀጠቀጠ።

«የሰው ኮት ላይማ አልቀመጥም» አሉና አንሥተው አቀበሉት። እሳቸውንም ያሳደገች እናት ነበረቻቸው።

ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጡበት?»

«ከጠዋት።»

«እሱ ትንሽ ይቀድምዎታል» አሉና እስክሪብቶውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

ዛሬ ድንጋዩ ታጥሯል፤ መቀመጥ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳም አለው። ዛምቤታ አግብታ ከነባሏ አባቷ ቤት ትኖራለች። አማቹ በመስኮቱ በኩል ያለውን የአጎቴን ወንበር ይዞታል፤ ባሕሩ ጥሩ ይታያል ይላል። አጎቴ ሲገባ አይነሣም።